ውሃ፣ ወፍጮ፣ መንገድ፦ የእናት ጉልበትና የልጅ ማዕድ

(ለመሠረተ ትምህርት ተማሪዎችና አስተማሪዎች በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ታሪክ ነው። ታሪክ ሲባል የነገሥታትና የጦርነት ወሬ ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። እኛ ግን ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሸክም ታሪክ ነው። ሸክሙን ማን ተሸከመው? ማን አቀለለው? ሲቀልስ ጥቅሙ ለማን ደረሰ? እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን እንሄዳለን።

አስተማሪዎች፣ እባካችሁ በሰሌዳው ላይ ሦስት ቃላት ጻፉልን፦ «ውሃ»፣ «ወፍጮ»፣ «መንገድ»። ተማሪዎችም በየደብተራችሁ ገልብጧቸው። እየጻፋችሁ አድምጡ።

አማርኛችን «እህል ውሃ» ብሎ ሁለቱን በአንድነት ይጠራቸዋል። ኑሮ ማለት እህልና ውሃ ነው ማለቱ ነው። ይሁን እንጂ እህሉ ከጎተራ፣ ውሃውም ከምንጭ ተነሥቶ በገዛ እግሩ ወደ ልጅ አፍ አይሄድም። እህሉ መፈጨት አለበት። ውሃው መቀዳት አለበት። በቤት የሌለው ነገር ደግሞ ከገበያ መምጣት አለበት። በእርሻውና በገበታው መካከል ያለውን ይህን ሁሉ ሥራ ለብዙ መቶ ዓመታት በጫንቃዋ የያዘችው ሴት ናት። ስለዚህ ስለ ልጅ ምግብ የሚናገር ሰው ስለ ማሳና ስለ ዝናብ ብቻ ተናግሮ ቢያበቃ፣ የተናገረው ግማሹን ነው።

የወፍጮ ነገር

የድንጋይ ወፍጮና መጅ በአገራችን እጅግ የቆዩ መሣሪያዎች ናቸው። ሴቲቱ ዶሮ ሲጮህ ተነሥታ፣ ጎንበስ ቀና እያለች፣ ጤፉን ወይም ገብሱን ስትፈጭ ይነጋባታል። ከዚያ በኋላ ውሃ አለ፣ ማገዶ አለ፣ ከብት አለ፣ ልጅ አለ። እህል በጎተራ ሞልቶ እንኳ ጉልበት ካለቀ ገበታው ይቀንሳል። አንድ ጊዜ የተጋገረው እንጀራ ለብዙ ቀን ይበላል፤ ለሕፃኑ ለብቻው ገንፎ ለመሥራት ጊዜ አይገኝም።

ይህ ሥራ በታሪክ መጻሕፍታችን ብዙ ቦታ አላገኘም። ጦር ሲዘምት ግን ሴቶችም አብረው ይዘምቱ ነበር። ስንቁን የሚፈጩት፣ ውሃውን የሚቀዱት፣ ድስቱንና ጋኑን የሚሸከሙት እነሱ ነበሩ። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ በተደረገው ዘመቻም እንደዚሁ ነበር። ጦሩ በጠመንጃና በጎራዴ ብቻ አልተዋጋም፤ ሴቶች በፈጩት ዱቄትም ተዋግቷል።

በባለጸጋና በመኳንንት ቤት ደግሞ የወፍጮውና የውሃው ሥራ በባሪያ ሴቶች ላይ ይወድቅ ነበር። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ አስተውሉ፤ መፍጨት እጅግ አድካሚ ከመሆኑ የተነሣ፣ የቻለ ሁሉ በሌላ ሰው ላይ የሚጭነው ሥራ ነበር። ባሪያም ሆነ ገረድ የሌላት የድሃ ገበሬ ሚስት ግን በማን ላይ ትጭነው? በራሷ ጉልበት ትወጣው ነበር።

ታዲያ ሸክሙን የሚያቀልል መሣሪያ ቀደም ብሎ አልተሞከረም ወይ? ተሞክሮ ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1830ዎቹ፣ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ በሸዋ ውስጥ በውሃ ኃይል የሚዞር ወፍጮ ሠርቶ ነበር። በዚያ ጊዜ ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ እንደ ጻፈው፣ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስለ ተቃወሙት ወፍጮው ሥራውን አቆመ። የካህናቱ ቃል ተጽፎ ለኛ ደርሷል። በድንጋይ ሲፈጩ የኖሩት ሴቶች ስለዚያ ወፍጮ ምን እንዳሉ ግን አልተጻፈም። የማይጽፍ ሰው ቃሉ ከታሪክ ይቀራል። የመሠረተ ትምህርት አንዱ ጥቅም ይህንን ማስቀረቱ ነው።

በሞተር የሚሠራው ወፍጮ ወደ ገጠሩ የገባው ቀስ በቀስ ነው። በገባበት ቦታ ሁሉ ጊዜን ማትረፉ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ሌላም ለውጥ አመጣ። ከድንጋይ ወፍጮ ሥር መንበርከክ ለወንድ ነውር ሆኖ ይቆጠር ነበር። በብዙ ቦታ ግን አህያ ጭኖ ወፍጮ ቤት መሄድ ለወንድም ለልጅም ነውር አልሆነም። መሣሪያው ሲለወጥ የሥራው ባለቤትም በከፊል ተለወጠ ማለት ነው። «የሴት ሥራ» የሚባለው ነገር ከተፈጥሮ የመጣ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የሞተር ወፍጮ ደግሞ ናፍጣ ይፈልጋል፤ ቺንጋ ይፈልጋል፤ መለዋወጫ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚመጣው በመንገድ ነው። መንገድ የሌለበት ወፍጮ አንድ ቀን የተሰበረ እንደ ሆነ ሴቲቱ ወደ ድንጋዩ ትመለሳለች። ሦስቱ ቃሎቻችን እርስ በርሳቸው የተያያዙ መሆናቸውን እዚህ ላይ ያዙልኝ።

የውሃ ነገር

አሁን ወደ ውሃ እንለፍ። በ1880ዎቹ አጤ ምኒልክ ከእንጦጦ ምንጭ ውሃ በቧንቧ አስስበው ወደ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥታቸው አስገቡ። በዚያን ዘመን ይህ ታላቅ ድንቅ ነበር። ሆኖም ቧንቧው መጀመሪያ የገባው ለቤተ መንግሥቱ ነው። የከተማው ነዋሪ ከወንዝና ከምንጭ መቅዳቱን አልተወም። ሁልጊዜም የሚታየው ነገር ይህ ነው፤ አዲስ ነገር ሲገባ ከላይ ይጀምራል፣ ገጠር ያለችው እናት ዘንድ የሚደርሰው በመጨረሻ ነው።

የውሃ ሸክም ምን ያህል ነው? እስቲ እንቁጠረው። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ይመዝናል። በፊት በነበረው እንስራ ደግሞ የሸክላው ክብደት ይጨመርበታል። ይህንን አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት የምታቃጥለው ጉልበት ከምግብ የመጣ ነው። ነፍሰ ጡር ወይም አጥቢ ከሆነች፣ ለልጇ መዋል የሚገባው ምግብ በመንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው።

ንጹሕ ውሃ ሲጠፋ ሌላም ጉዳት አለ። ያልተጣራ ውሃ የሚጠጣ ሕፃን ተቅማጥ ይይዘዋል። ተቅማጥ የያዘው ልጅ የበላው ምግብ ሰውነቱ ሳይገባ ይወጣል፤ የምግብ ፍላጎቱም ይዘጋል። ቆሽሾ የተበላ ምግብ እንዳልተበላ ይቆጠራል። ስለዚህ ንጹሕ ውሃ ራሱ ምግብ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

አሁን በአርሲ የሆነውን ልንገራችሁ። ከ1988 እስከ 1992 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በአርሲ አንዳንድ የገጠር መንደሮች በቧንቧ ተስቦ የቦኖ ውሃ ገባ። ከእንግሊዝ አገር የመጡ ሁለት ሴት ተመራማሪዎች፣ ማይሪ ጊብሰንና ሩት ሜስ፣ ውሃው የገባባቸውን መንደሮች ካልገባባቸው ጋር አስተያዩ። ጥናታቸውንም በ1998 ዓ.ም. አሳተሙ። ከውሃው በፊት ሴቶቹ በበጋ ወራት በቀን 3 ሰዓት ያህል ለውሃ ይጠፋባቸው ነበር። ቦኖው ከገባ በኋላ ወደ 15 ደቂቃ ወረደ።

በሉ፣ ይህንን በደብተራችሁ አስሉ። በቀን 3 ሰዓት በ30 ቀን ሲባዛ 90 ሰዓት ነው። 15 ደቂቃ በ30 ቀን ሲባዛ 7 ሰዓት ተኩል ነው። ልዩነቱ 82 ሰዓት ተኩል ይሆናል። በቀን 8 ሰዓት የሚሠራ ሰው ቢሆን፣ በወር ከ10 የሥራ ቀን በላይ ተረፈ ማለት ነው። አንዲት ሴት ይህንን ያህል ጊዜ ተሰጣት።

ውጤቱስ ምን ሆነ? በጎው ነገር ትልቅ ነው። ሕፃናት የመሞት አደጋቸው በግማሽ ቀነሰ። በግማሽ! ይህንን ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ግን ተመራማሪዎቹ ሌላም ነገር አገኙ። ውሃው በገባባቸው መንደሮች ሴቶቹ ቶሎ ቶሎ ይወልዱ ጀመር፤ በምግብ እጥረት የተጎዱ ልጆችም በዝተው ተገኙ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ማብራሪያው እንዲህ ነው። በሸክም ያልቅ የነበረው የሴቲቱ ጉልበት ሲተርፍ ሰውነቷ ለመውለድ ብርታት አገኘ። ቀድሞ ይሞቱ የነበሩ ደካማ ሕፃናትም በሕይወት ቆዩ። ማሳው ግን አልሰፋም፤ ጎተራው አልጨመረም። ያው የነበረው እህል ለብዙ አፍ ተካፈለ።

ከዚህ ተነሥቶ «ታዲያ ቦኖው ባይገባ ይሻል ነበር» የሚል ሰው ካለ ፈጽሞ ተሳስቷል። የሞተ ልጅ አይራብም፤ በሕይወት ያለ ልጅ ግን ይራባል። መፍትሔው በሕይወት ያለውን መመገብ ነው። ትምህርቱ ሌላ ነው፦ ቧንቧ ብቻውን ሥራውን አይጨርስም። ከቧንቧው ጋር የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት መምጣት ነበረበት። ሴቲቱ መቼ እንደምትወልድ ለመወሰን ቃል ሊኖራት ይገባ ነበር። የተረፈውም ሰዓት በእጇ ገንዘብ የሚያስገባ ሥራ፣ ወይም የጓሮ አትክልት፣ ወይም ትምህርት ሊሆንላት ይገባ ነበር። በኋላ በመላው አገሪቱ የሆነውን ስናይ፣ ከባለትዳር ሴቶች መካከል የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙት በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 8 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 36 ደረሱ። ይህ የሆነው መንግሥት ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን አሠልጥኖ በየቀበሌው ካሠማራ በኋላ ነው። እነሱም አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው።

የመንገድ ነገር

ሦስተኛው ቃላችን መንገድ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን ክፉ ቀን ከአያቶቻችን አፍ ሰምተናል። የከብት በሽታ ገብቶ በሬው አለቀ፤ እርሻው ጦም አደረ። በዚያ ዘመን እህል ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው የሚሄደው በአህያ፣ በበቅሎና በሰው ጀርባ ነበር። መንገዱ ሲረዝም የጫኙ ስንቅና የእንስሳቱ ቀለብ የእህሉን ዋጋ ይበላዋል። ስለዚህ በአንዱ አገር እህል ቢኖር እንኳ ለተራበው አገር መድረሱ ጭንቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባቡር መጣ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የመኪና መንገድ ዘረጋ። መንገዱን ያወጣው ጦሩን ለማንቀሳቀስና አገሩን ለመግዛት ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ሲናና በደሴ አድርጎ ወደ አስመራ የሚወጣው አውራ ጎዳና ከነዚህ አንዱ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ ሥራውን ቀጠለ።

አሁን በጥሞና አድምጡኝ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ሲያልቅ ያ አውራ ጎዳና በወሎ መካከል ያልፍ ነበር። መንገድ ነበረ! የተራቡት ሰዎች ከየመንደሩ ወጥተው በዚሁ መንገድ ዳር ፈሰሱ። ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርቲያ ሴን ስለ ረሃብ በጻፈውና በ1973 ዓ.ም. በወጣው መጽሐፉ ይህንን መርምሯል። የደረሰበትም እንዲህ የሚል ነው፦ በዚያ ዓመት በአገሪቱ በጠቅላላ የምግብ መጠን በእጅጉ አልወደቀም። በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ እንደሚገመተው አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህል ነበር። ሕዝቡ የሞተው የሚገዛበት ገንዘብ በእጁ ስላልነበረ ነው። ሰብሉ ጠፍቶበታል፣ ከብቱ ሞቶበታል ወይም ረክሶበታል።

ስለዚህ መንገድ በሁለት በኩል የሚሄድ ነገር መሆኑን አንርሳ። ገንዘብ ላለው እህል ያመጣለታል፤ ገንዘብ ከሌለው ላይ ደግሞ እህሉን ይዞበት ይሄዳል። በቤት ውስጥም ያው ነው። በብዙ የአገራችን ክፍል የእህልና የከብት ገንዘብ የባል፣ የእንቁላልና የቅቤ ገንዘብ የሚስት ነው። መንገድ ሲወጣ ነጋዴው እስከ መንደር ይመጣል፤ እንቁላሉም ቅቤውም ዋጋ ያወጣል። ገንዘቡ በእናት እጅ ከቆየ ለጨው፣ ለዘይት፣ ለልጅ ምግብ ይውላል። ዋጋው ጨመረ ተብሎ ገንዘቡ ከእጇ ከወጣ ግን ልጁ እንቁላሉንም አልበላ፣ በገንዘቡም አልተጠቀመ።

ይህ ሲባል መንገድ አይጠቅምም ማለት አይደለም። በ1989 ዓ.ም. አገሪቱ ያላት መንገድ ከ27 ሺህ ኪሎ ሜትር ያነሰ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. ከ100 ሺህ አልፏል። በ15 የገጠር መንደሮች ከ1986 እስከ 1996 ዓ.ም. በተደረገ ክትትል፣ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ያገኙ ቤተሰቦች ድህነታቸው ከመቶ ወደ 7 ነጥብ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል።

ለእኛ ለመሠረተ ትምህርት ሰዎች ከሁሉ የሚበልጠው ግን በ2009 ዓ.ም. የታተመ ሌላ ጥናት ነው። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር ተመራማሪዎች እናቶች ስለ ልጅ አመጋገብ ያላቸውን ዕውቀት መዘኑ፤ ልጆቹም ምን ምን እንደሚበሉ ቆጠሩ። ገበያ ቅርብ በሆነበት ቦታ ዕውቀት ያላት እናት ልጇን ዓይነቱ የበዛ ምግብ ታበላዋለች። ገበያ እጅግ ሩቅ በሆነበት ቦታ ግን ያወቀችውም ያላወቀችውም ልጃቸውን የሚያበሉት ተመሳሳይ ነው። ካሮት ለልጅ ይጠቅማል ብሎ ማስተማር መልካም ነው፤ ካሮቱ ከየት ይመጣል? ዕውቀት መንገድ ይፈልጋል ማለት ነው። መንገድም ዕውቀት ይፈልጋል።

ሦስቱን ቃላት የሚያያይዘው አራተኛ ቃል

አስተማሪዎች፣ አሁን በሦስቱ ቃላት ሥር አንድ ቃል ጨምሩ፦ «ቃል»። የምንለው የሴቲቱን ቃል ነው፤ በቤትም በስብሰባም የሚሰማ ቃል።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ታሪኩ ግን ሌላ ያሳየናል። ወፍጮው በመጣ ጊዜ የሴቶች ቃል አልተጻፈም። ቧንቧው በገባ ጊዜ የተረፈው ሰዓት ለምን ይዋል የሚለው ቀድሞ አልታሰበበትም። መንገዱ በወጣ ጊዜ ገንዘቡ በማን እጅ ይግባ የሚለው አልተጠየቀም። በሦስቱም ጊዜ ሥራው ተሠራ፤ ማዕዱ ላይ የደረሰው ግን ሊደርስ ከሚችለው አነሰ።

አንዳንድ ነገር ተለውጧል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ ንብረትን ባልና ሚስት በጋራ እንዲያስተዳድሩ ደንግጓል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአማራና በሌሎችም ክልሎች የመሬት ደብተር ላይ የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ ገብቷል። ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል በመቀንጨር፣ ማለት ለዕድሜያቸው እጅግ አጭር ሆነው በመቅረት፣ የተጎዱት በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 58 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 38 ሆኑ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ከመቶ 38ም ቢሆን ግን ብዙ ነው። በዚያው በ2008 ዓ.ም. ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ማንበብ የሚችሉት ከመቶ 42 ብቻ ነበሩ፤ ወንዶቹ ከመቶ 69። ማንበብ የማትችል ሴት በውሃ ኮሚቴ ብትመረጥ የኮሚቴውን መዝገብ ማን ያነብላታል? በወፍጮ ቤት ሚዛኑን፣ በገበያ የነጋዴውን ደረሰኝ ማን ይቆጥርላታል? የመሬቱ ደብተር ላይ ስሟ ቢኖር እንኳ ስሟን ለይታ ካላወቀችው እንዴት ትከራከርበታለች?

በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ ትምህርቱም እያደር በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ይሰጥ ጀመር። ዘመቻው በ1980 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አግኝቷል። የዚያ ዘመን ተማሪ እናቶች ከእርሻና ከወፍጮ ሥራ በኋላ ደክሟቸው በመብራት ተቀምጠው ፊደል ቆጥረዋል። ብዙዎች ያቋረጡት ሰነፎች ስለ ሆኑ አይደለም፤ ውሃው ሩቅ፣ ወፍጮው ድንጋይ ስለ ነበረ ነው። እንግዲህ ቦኖም ወፍጮም የትምህርት ቤት አካል ናቸው።

አድማጮች፣ ንግግራችንን ከማብቃታችን በፊት በየጣቢያችሁ ተወያይታችሁ መልሱን እንድትጽፉ ሦስት ጥያቄ እንተውላችሁ።

1ኛ/ በመንደራችሁ ለውሃ፣ ለወፍጮና ለገበያ የሚሄደው ማን ነው? በቀን ስንት ሰዓት ይፈጃል? ቁጥሩን ጻፉ፤ ወርና ዓመት አድርጋችሁም አስሉ።

2ኛ/ በውሃ ኮሚቴያችሁ ውስጥ ስንት ሴቶች አሉ? ገንዘቡን የሚይዘውና ቁልፉን የሚይዘው ማን ነው?

3ኛ/ ነገ በቀን ሁለት ሰዓት ቢተርፍ፣ የሰዓቱ ባለቤት ማን ይሆናል? ይህንን ጥያቄ በመጀመሪያ ሴቶቹ ይመልሱ፤ ወንዶቹ ያዳምጡ። ከዚያ ወንዶቹ ይናገሩ።

መልሱን የሚጽፈው አስተማሪው ሳይሆን ተማሪዋ ራሷ ትሁን። ፊደሏ ቢጣመምም ይጻፍ።